አፓርትመንት ሲገዙ የሚፈተሸው ክፍሉ ብቻ ነውን?

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በ1960ዎቹ በተሠራ አንድ ሕንፃ 6ኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመናል፤ ቤቱን ለመግዛት ውል የፈረመችው ወዳጄ፣ የቤት ፍተሻ ባለሙያውና እኔ። ወዳጄ በነርስ ረዳትነት ለ11 ዓመታት የሌሊት ተረኛ ሆና ያጠራቀመችው ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎጆ ሊሆንላት ነው። ኩሽናው አዲስ ነው። የግድግዳው ቀለም ገና ይሸታል፤ ወለሉ ያብረቀርቃል። እርሷ መጋረጃ የምትሰቅልበትን መስኮት በዓይኗ ስትለካ ባለሙያው ኩሽናውን አልፎ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባና በጉልበቱ ተንበርክኮ የመጸዳጃውን ሥር በባትሪ ያይ ጀመር።

አገራችን «ውስጡን ለቄስ» የምትለው አባባል አላት። ለሽያጭ የተዘጋጀ ቤት ብዙውን ጊዜ ይህን አባባል ያስታውሳል። ሻጭ ቤቱን ለገበያ ሲያቀርብ የሚያሳምረው ዓይን የሚያርፍበትን ነው፤ ቀለሙን፣ መብራቱን፣ የኩሽናውን ድንጋይ። ገንዘብ የሚበላው ግን ከልስኑ ጀርባ ያለው ቧንቧ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሽቦ፣ ከመኪና ማቆሚያው ወለል ውስጥ ያለው ፌሮ ነው። በስደት ዓለም የሚኖር ሰው ምናልባት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጽመው ትልቁ ግዢ ቤት ነውና፣ ይህ የተሸሸገው ክፍል እንዴት እንደሚታይ ማወቅ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ባንክ የሚልከው ገማች ፈታሽ አይደለም

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዙ ብዙ ሰዎች አንድ ነገር ያሳስታቸዋል። ሞርጌጅ የሚሰጠው ባንክ ባለሙያ ልኮ ቤቱን ስለሚያስገምት «ቤቱ ታይቷል» ብለው ይዘናጋሉ። ገማቹ የሚመጣው ግን ለባንኩ ነው። ጥያቄው «ገዢው ቢያቅተው ባንኩ ይህን ቤት ሸጦ ገንዘቡን ያስመልሳል ወይ?» የሚል እንጂ «ማሞቂያው እስከ መቼ ይሠራል?» የሚል አይደለም። በአሜሪካ መንግሥት የመድን ዋስትና ቤት የሚገዙ ሰዎች እንኳ ግምት ፍተሻን እንደማይተካ የሚያስታውስ ወረቀት ይሰጣቸዋል።

የፍተሻ ባለሙያ ግን የገዢው ሰው ነው። ክፍያው እንደ ቤቱ ስፋትና እንደ አካባቢው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ሥራው ለአንድ አፓርትመንት ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ወሳኙ ነጥብ ግን ከክፍያው በፊት ይመጣል። በግዢ ውሉ ውስጥ «ፍተሻው ካላረካኝ ውሉን ማፍረስ እችላለሁ» የሚል አንቀጽ መኖር አለበት። የቤት ገበያ ሲጋል፣ በተለይም በኮቪድ ወረርሽኝ ዓመታት እንደታየው፣ ገዢዎች ተፎካካሪን ለመቅደም ሲሉ ይህን መብታቸውን በገዛ እጃቸው ይተዋሉ። ያን ጊዜ ፍተሻው ቢደረግም የሚነግርዎት ከኪስዎ ስለሚወጣው ገንዘብ ነው፤ ከቀብድዎ ጋር ለመመለስ ጊዜው አልፏል።

ባለሙያውን ማን እንደመረጠውም መጠየቅ ይገባል። ሽያጩ ሲሳካ ብቻ የሚከፈለው ኤጀንት የጠቆመው ፈታሽ ሁሉ አድሏዊ ነው ማለት አይደለም። ሆኖም ገዢው ራሱ ሁለት ሦስት ባለሙያዎችን አነጋግሮ፣ የሥራ ፈቃዳቸውን አይቶ፣ ከዚህ በፊት የጻፉትን ሪፖርት ናሙና ጠይቆ ቢመርጥ የተሻለ ነው። በፍተሻው ዕለትም አብሮ መገኘት ያስፈልጋል። 40 ገጽ ሪፖርት ከማንበብ ባለሙያው ጣቱን የት ላይ እንዳሳረፈ ማየት የበለጠ ያስተምራል።

ዓይን የማያየውን የሚያዩ መሣሪያዎች

ወደ መታጠቢያ ቤቱ እንመለስ። ባለሙያው ከሻንጣው ስልክ የሚያህል መሣሪያ አውጥቶ ሁለት መርፌዎቹን ከገንዳው አጠገብ ባለው የጂፕሰም ግድግዳ ላይ ተከለ። ይህ የእርጥበት መለኪያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በሁለቱ መርፌዎች መካከል እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይልካል። ደረቅ እንጨትና ደረቅ ጂፕሰም ኤሌክትሪክን ይቋቋማሉ፤ ውኃ የጠጡ ከሆነ ግን ያሳልፋሉ። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ለዓይን ደረቅ ቢመስልም ለመርፌው አይዋሽም።

ቀጥሎ የሙቀት ካሜራ መጣ። ብዙዎች ይህ ካሜራ ግድግዳን ሰርስሮ የሚያይ ይመስላቸዋል፤ እንዲህ አይደለም። የሚያየው የግድግዳውን ገጽ ሙቀት ብቻ ነው። ውኃ ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ እርጥብ ቦታ ከአካባቢው ይልቅ ቀዝቅዞ በስክሪኑ ላይ እንደ ጥላ ይታያል። ስለዚህ ካሜራው ጥርጣሬ ይጠቁማል፤ መለኪያው ያረጋግጣል። በወዳጄ ቤት ከገንዳው ቧንቧ በስተጀርባ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቀዝቃዛ ጥላ ታየ፤ መርፌውም እርጥበት መኖሩን አረጋገጠ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን እርጥበት በ24 እና በ48 ሰዓታት መካከል ካልደረቀ ሻጋታ ማብቀል ይጀምራል፤ ሻጋታ ደግሞ አስም ላለበት ሰው፣ በተለይም ለሕፃናት፣ የቤት ውስጥ ጠላት ነው።

ከዚያ ሶኬቶቹ ተራ ደረሳቸው። ሦስት ትንንሽ መብራቶች ያሉት መሞከሪያ ሲሰካ ሽቦዎቹ በትክክል መገናኘታቸውን፣ የመሬት መስመርም መኖሩን ይናገራል። በኩሽናና በመታጠቢያ ቤት ያሉ ሶኬቶች ደግሞ ልዩ መከላከያ ሊኖራቸው ይገባል። መከላከያው የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መጠን ከሚመለሰው ጋር ያነጻጽራል። 5 ሚሊ አምፔር ያህል ልዩነት ካገኘ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት እየሸሸ ነው ብሎ ከጠረጠረ፣ በሰከንድ 40ኛ ክፍልፋይ ያህል ጊዜ ውስጥ ያቋርጣል። እርጥብ እጅ ያለው ሰው ሕይወት በዚያች ቅጽበት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሌላው የፍተሻ ክፍል ትዕግሥት እንጂ መሣሪያ አይጠይቅም። ባለሙያው የገላ መታጠቢያውን፣ የእጅ መታጠቢያውንና የኩሽናውን ቧንቧ በአንድ ጊዜ ከፍቶ ግፊቱ መውረድ አለመውረዱን ተመለከተ። ባለ ሁለት መስታወት መስኮቶችን አንድ በአንድ አየ፤ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ጉም ካለ ማሸጊያው አልቆለታል ማለት ነው። የማቀዝቀዣውን መለያ ጽሑፍ አንብቦ ዕድሜውን አሰላ። እንዲህ ያሉ ማሽኖች በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላሉ፤ የወዳጄ ማቀዝቀዣ 18 ሞልቶታል።

በአሜሪካ ከ1978 በፊት በተሠሩ ቤቶች ሌላም ጥያቄ አለ። በዚያ ዓመት እርሳስ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል ታገደ፤ ስለዚህ የፌዴራሉ ሕግ የቆየ ቤት የሚገዛ ሰው እርሳስ መኖሩን የሚያስመረምርበት 10 ቀን እንዲሰጠው ያዝዛል። ቤቱ ከ3ኛ ፎቅ በታች ከሆነ ደግሞ ራዶን የሚባለውን፣ ከአፈር ውስጥ የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጨረር አመንጪ ጋዝ ማስለካት ይመከራል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ 4 ፒኮኩሪና ከዚያ በላይ ራዶን ከተገኘ ቤቱ እንዲስተካከል ይመክራል፤ ጋዙ ከሲጋራ ቀጥሎ ዋነኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነውና።

ሁለት ሰዓቱ ሲያልቅ ባለሙያው ሻንጣውን ዘጋ። በመታጠቢያ ቤቱ ያለው እርጥበት ይጠገናል፤ ማቀዝቀዣው በቅርቡ ይቀየራል፤ ሌላው ደኅና ነው አለ። ወዳጄ እፎይ አለች። ከዚያም ሰውዬው በር ላይ ቆሞ የተናገረው ነገር ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት ሆነኝ። «የአንቺ የሚሆነውን አይቻለሁ፤ የቀረው የእኔ ሥራ አይደለም፤ ግን የቀረውም የአንቺ ነው» የሚል መልእክት ነበረው።

ክፍል ሳይሆን ድርሻ

አፓርትመንት የገዛ ሰው በብዙ ውሎች መሠረት ለብቻው ባለቤት የሚሆነው ከግድግዳው ገጽ ወደ ውስጥ ያለውን ነው። ጣሪያው፣ ምሰሶዎቹ፣ ሶሌታው፣ ዋናው የፍሳሽ መስመር፣ ሊፍቱ፣ መኪና ማቆሚያው የጋራ ናቸው። የጋራ ማለት የማንም ያልሆነ ማለት አይደለም። መቶ ቤቶች ባሉት ሕንፃ የመኪና ማቆሚያው ጥገና 3 ሚሊዮን ዶላር ቢጠይቅና ማኅበሩ መጠባበቂያ ገንዘብ ባይኖረው፣ ድርሻው እኩል ከሆነ ለእያንዳንዱ ባለቤት 30 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። የተለመደው የፍተሻ ባለሙያ ግን በቤቱ ውስጥ ያለውን እንጂ የጋራውን አካል አይመረምርም። ስለዚህ ትልቁ አደጋ ከፍተሻው ውጪ ሊቀር ይችላል።

ይህ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2021 ነው። በፍሎሪዳ፣ በማያሚ አቅራቢያ ባለችው ሰርፍሳይድ ከተማ ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የተባለው ባለ 12 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ በሌሊት፣ ነዋሪዎቹ በተኙበት፣ በከፊል ተደረመሰ። 98 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው በ1981 የተሠራ፣ 136 ቤቶች የነበሩት፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት የቆመና የሚያምር ነበር። ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2018፣ ማኅበሩ ያስጠናው መሐንዲስ በዋናው ገንዳ ዙሪያ ያለው ወለል ውኃ መከላከያ እንዳለቀለት፣ ወለሉም ተዳፋት ስለሌለው ውኃ እንደሚያቁር፣ ከሥሩ ያለው አርማታ መጎዳቱን በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። ስለ ወጪው ክርክር ሲደረግ ዓመታት አለፉ፤ ጥገናውም ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር አደገ። ከዚያ በኋላ በፌዴራል መንግሥቱ የተመደቡ መርማሪዎች የገንዳው ወለል ከመጀመሪያው ዲዛይኑ ጀምሮ የሚፈለገው ጥንካሬ እንዳልነበረው ደርሰውበታል።

በእነዚያ ዓመታት በዚያ ሕንፃ ቤት የገዛ ሰው የፍተሻ ባለሙያ ቀጥሮ ይሆናል። ባለሙያውም ሶኬቱንና ቧንቧውን አይቶ «ደኅና ነው» ብሎ ይሆናል። ቢልም አልዋሸም፤ የታዘዘውን ነው ያየው።

አርማታ ለምን ይታመማል?

አርማታ የሁለት ነገሮች ጋብቻ ነው። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ ብረት መሳብን ይችላል። ፌሮው በኮንክሪቱ ውስጥ ሲቀበር አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ከዚህም በላይ ኮንክሪቱ ለብረቱ መድኃኒት ነው። አዲስ ኮንክሪት እጅግ አልካላይን ነው፤ ፒኤች መጠኑ ከ12 በላይ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ በፌሮው ገጽ ላይ ዝገትን የሚከለክል ስስ ሽፋን ይፈጠራል።

ይህን መከላከያ ሁለት ጠላቶች ያፈርሱታል። አንደኛው አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዓመት ዓመት ወደ ኮንክሪቱ እየሰረገ አልካላይንነቱን ይቀንሳል፤ ፒኤቹ ወደ 9 ገደማ ሲወርድ ሽፋኑ ይጠፋል። ሁለተኛው ጨው ነው። ጨው ከባሕር ነፋስ፣ እንደ ሜሪላንድ ባሉ ቀዝቃዛ አካባቢዎች ደግሞ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ከሚበተነውና በመኪና ጎማ ተሸክሞ ወደ መኪና ማቆሚያው ከሚገባው ይመጣል። ብረቱ አንዴ መዝገግ ከጀመረ ዝገቱ ከመጀመሪያው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ስለማያገኝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ስንጥቅ ይወጣል፤ በስንጥቁ ተጨማሪ ውኃ ይገባል፤ በመጨረሻም ኮንክሪቱ እየተቀረፈ ይወድቃል።

ይህን ማንም ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል። አፓርትመንት ሊገዙ ሲሄዱ ወደ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ወደ ታች ይውረዱ፤ መኪና ማቆሚያውን ይዩ። በኮርኒሱ ላይ በመስመር የወጣ የዝገት ቀለም፣ ከስንጥቅ የተንጠባጠበ ነጭ ጨው መሳይ ነገር፣ የተራቆተ ፌሮ፣ የሚያቁር ውኃ ካዩ ጥያቄ ይጻፉ። ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም፤ ብዙ የምህንድስና ደረጃዎች እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅን በአርማታ ላይ ይታገሣሉ። የሚያሳስበው ከዚያ የሚሰፋ፣ ከበርና ከመስኮት ጠርዝ በሰያፍ የሚወጣ፣ በብሎኬት ግድግዳ ላይ እንደ ደረጃ የሚሄድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከወር ወር የሚያድግ ስንጥቅ ነው።

መሐንዲሶች ከዓይን በላይ የሆኑ ዘዴዎች አሏቸው። አዲስ በተሰበረ ኮንክሪት ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለ ፈሳሽ ሲረጩበት ጤናማው ክፍል ሐምራዊ ይሆናል፤ አልካላይንነቱን ያጣው ግን ቀለሙን አይለውጥም። ስዊዘርላንዳዊው ኤርንስት ሽሚት የፈለሰፈው መዶሻ ኮንክሪቱን መትቶ በሚመለስበት ኃይል ስለ ገጹ ጥንካሬ ይናገራል። ፌሮ ፈላጊ መሣሪያም ብረቱ በስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዳለ ያሳያል። እነዚህን ግለሰብ ገዢ አያሠራቸውም፤ ማኅበሩ አሠርቶ ከሆነ ግን ውጤቱን መጠየቅ ይቻላል።

የሕንፃው የሕክምና መዝገብ

ሐኪም በሽተኛን አይቶ ብቻ አይፈርድም፤ መዝገቡን ያወጣል። ሕንፃም መዝገብ አለው። ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የማኅበሩ ቃለ ጉባኤዎች፣ ዓመታዊ በጀቱ፣ የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥናቱ፣ የኢንሹራንስ ውሉ፣ መሐንዲሶች የጻፏቸው ሪፖርቶች፣ የታሰበ ልዩ መዋጮ ወይም በፍርድ ቤት ያለ ክርክር ካለ እርሱም። ከሁሉ ይልቅ ቃለ ጉባኤው ይናገራል። «የመኪና ማቆሚያው ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» የሚል አረፍተ ነገር በአራት ተከታታይ ስብሰባዎች ካነበቡ ቤቱ ምን እንደሚጠብቀው ገብቶዎታል።

ከሰርፍሳይድ በኋላ ሕጎችም ተለውጠዋል። ፍሎሪዳ በ2022 ባወጣችው ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ ያላቸው የጋራ ሕንፃዎች ዕድሜያቸው 30 ዓመት ሲሞላ በመሐንዲስ እንዲመረመሩ፣ ለዋና ዋና አካሎቻቸውም መጠባበቂያ እንዲያጠራቅሙ አዘዘች። ሜሪላንድም በዚያው ዓመት የጋራ ሕንፃ ማኅበራት የመጠባበቂያ ጥናት እንዲያሠሩና በየ5 ዓመቱ እንዲያድሱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በሜሪላንድ ነባር ኮንዶሚኒየም የሚገዛ ሰው እነዚህን ሰነዶች ከተቀበለ በኋላ አንብቦ ውሉን የሚሰርዝበት 7 ቀን አለው። ቀኖቹ እንደየግዛቱ ይለያያሉና ሰነዱ በደረሰዎት ዕለት ጠይቀው ያረጋግጡ። ወረቀቱ ወፍራም፣ እንግሊዝኛውም ከባድ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቋንቋው ለሚቀለው ልጅ ወይም ለጠበቃ ማስነበብ ከ30 ሺህ ዶላር ይረክሳል።

በሌሎች አገሮችም መንፈሱ ተመሳሳይ ነው። በስዊድን አብዛኛው አፓርትመንት ገዢ በሕግ አነጋገር የሚገዛው በቤቶች ማኅበር ውስጥ የመኖር መብትን ነው፤ የማኅበሩ ዓመታዊ ሪፖርት ዕዳውን ስለሚያሳይ ከኩሽናው ቀድሞ ይነበባል። በስኮትላንድ ሻጩ ራሱ ከ2008 ጀምሮ የቤቱን ሁኔታ የሚያሳይ ሪፖርት አዘጋጅቶ ለገበያ ያቀርባል። በዱባይ ደግሞ ሕጉ አልሚውን ለሕንፃው መዋቅር ጉድለት ለ10 ዓመት፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለቧንቧና ለመሳሰሉት ለ1 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ስለዚህ አዲስ ቤት የተረከበ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ሳያልፍ ማስፈተሽ አለበት።

ከባሕር ማዶ ሆነው አዲስ አበባ ለሚገዙ

ወዳጄን ያን ዕለት በጣም ያሳሰባት የራሷ ቤት ብቻ አልነበረም። በዱባይ የሚሠራው ወንድሟ አዲስ አበባ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ካለ ሕንፃ ቤት ገዝቷል። ያየው በስልክ የተላከለትን ቪዲዮና የሚያምር የኮምፒውተር ሥዕል ነው። ይህ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው፤ በገልፍም በአውሮፓም ያለ ወገን የላቡን ውጤት ቀብድ አድርጎ የሚልከው ላልቆመ ግድግዳ ነው።

ላልቆመ ግድግዳም ግን ፍተሻ አለ፤ እንዲያውም የተሻለ ነው፣ ከልስን በፊት ሁሉም ነገር ይታያልና። ከአልሚው ጋር ግንኙነት የሌለው መሐንዲስ በሦስት ጊዜ ቢጎበኝ ብዙ ይገኛል። የመጀመሪያው መሠረቱ ሲወጣ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች፣ በተለይም በምሥራቅና በደቡብ፣ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር አለ። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ይህን አፈር አልፎ ካልወረደ ወይም አፈሩ ተነሥቶ ካልተተካ ግድግዳው ከወቅቱ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። የአፈር ምርመራ ሪፖርቱን መጠየቅ የገዢ መብት ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ጉብኝት ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ነው፤ ፌሮው በሥዕሉ መሠረት መታሰሩን፣ ከፎርሙም በስፔሰር ተነሥቶ በቂ ኮንክሪት የሚሸፍነው መሆኑን ለማየት። ከተሞላ በኋላ ኮንክሪቱ ለቀናት ውኃ ካልጠጣ አይጠነክርም። ጥንካሬውም የሚለካው በዕለቱ ተወስደው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በላቦራቶሪ በሚጨፈለቁ ናሙናዎች ነው፤ የውጤቱ ቅጂ መኖር አለበት። ምሰሶ ላይ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ቦታ ከታየ ኮንክሪቱ በደንብ አልተነቀነቀም ማለት ነውና በልስን ከመሸፈኑ በፊት መሐንዲሱ ሊፈርድበት ይገባል።

ሦስተኛው ጉብኝት ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ነው። ቧንቧው ሁሉ ይከፈታል፤ የፍሳሽ መውረጃው ይሞከራል፤ ወለሉ በውኃ ልክ ይለካል፤ ሴራሚኩ በጣት ይንኳኳል፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ አልያዘም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የውኃ ታንከሩ መጠን፣ የፓምፑና የጀነሬተሩ አቅም የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

የመሬት መንቀጥቀጥን ደግሞ መዘንጋት አይቻልም። አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ አጠገብ ናት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ በከተማዋ ፎቆች ላይ ያሉ ነዋሪዎችን ከእንቅልፍ ቀስቅሷል። መንገድ ዳር ባሉ ብዙ ሕንፃዎች ምድር ቤቱ ለሱቅ ሲባል ግድግዳ የሌለው፣ በምሰሶ ብቻ የቆመ ነው፤ በላዩ ግን ከባድ የብሎኬት ግድግዳ ተጭኖበታል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲናወጥ ጉዳቱ በዚያ ደካማ ፎቅ ላይ ይከማቻል። «ዲዛይኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረጃውን ተከትሏል ወይ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ምንም አያስነውርም።

ሕጉም ገዢውን ሜዳ ላይ አልተወውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና ያልተሠራን ቤት ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረግ ውልን እንደ ግንባታ ሥራ ውል ይቆጥረዋል፤ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭም ለሥራው ጥንካሬ ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ መብት ግን የሚጠቅመው ጉድለቱን በቀንና በፎቶግራፍ መዝግቦ ለያዘ ሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ወዳጄ ምን አደረገች?

ሰነዶቹ በደረሷት በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሥራ መልስ፣ ቃለ ጉባኤዎቹን ይዘን ተቀመጥን። የመኪና ማቆሚያው ኮርኒስ ውኃ እንደሚያሳልፍ፣ መሐንዲስ አይቶ ሰፊ ጥገና እንዳዘዘ፣ ባለቤቶቹ ግን ወርሃዊ ክፍያ እንዳይጨምር ሲሉ ውሳኔውን ሁለት ጊዜ እንዳስተላለፉት ተጽፎ አገኘን። የመጠባበቂያ ገንዘቡ ከጥገናው ግምት ሩቡን እንኳ አይሞላም። ውብ ሆኖ የታያት ነገር ሁሉ፣ አዲሱ ኩሽናም፣ ዝቅ ያለው ወርሃዊ ክፍያም፣ ተራ በተራ ትርጉሙ ተለወጠ። በ5ኛው ቀን ውሉን ሰረዘች። ቀብዷ ተመለሰ፤ የፈታሹ ክፍያ ግን ቀረ። ያን ዕለት አለቀሰች፤ ላጽናናት ብሞክርም ቃል አጠረኝ።

ከሰባት ወር በኋላ በሌላ ሕንፃ ቤት ገዛች። ኩሽናው የቆየ ነው፤ በረንዳው ጠባብ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያውም ከፊተኛው ይበልጣል። መኪና ማቆሚያው ግን ከሁለት ዓመት በፊት ታድሷል፤ ሊፍቱ የሚቀየርበት ገንዘብም ተጠራቅሟል። «ክፍያው ከፍ ያለው ቤት ይሻላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር» አለችኝ ቁልፉን በተረከበች ዕለት። ያን ዕለት ማታ ለወንድሟ ደውላ የጠየቀችው ስለ ሴራሚኩ ቀለም አልነበረም። «ሶሌታው መቼ ነው የሚሞላው? ማን ቆሞ ያየዋል?» ነበር ያለችው።